ኤልተን ሜዮ

ጆርጅ ኤልተን ሜዮ (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 1880 – ሴፕቴምበር 1949) አውስትራሊያዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበሩ። የሠራተኛ ምርታማነት በደመወዝና በድካም ብቻ ሳይሆን ከባልደረቦቹና ከአለቆቹ ጋር ባለው ግንኙነትም ይወሰናል የሚለውን ሐሳብ በማስፋፋት ይታወቃሉ። ስማቸው ብዙ ጊዜ የሚነሣው በአሜሪካ በሆውቶርን ፋብሪካ ከተካሄደው ጥናት ጋር ነው። ጥናቱ ለድርጅት ሥነ ልቦናና ለሰው ኃይል አስተዳደር ትምህርት መሠረት ከሆኑት አንዱ ቢሆንም፣ በእርግጥ ምን እንዳረጋገጠ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ልጅነትና ትምህርት

ሜዮ የተወለዱት በደቡብ አውስትራሊያ ዋና ከተማ በአደሌድ ነው። በአደሌድ፣ ቀጥሎም በኤዲንብራና በለንደን ሕክምና መማር ጀምረው ሳይጨርሱ ተዉት። ሐኪም ሆና ስሟ የተጠራው እህታቸው ሄለን ሜዮ ነበረች። እሳቸው ለአጭር ጊዜ በምዕራብ አፍሪካ ሠሩ፣ በለንደንም ለሠራተኞች በተቋቋመ ኮሌጅ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ አደሌድ ተመልሰው በማተሚያ ቤት ሥራ ሸሪክ ሆኑ። በኋላ እንደገና ዩኒቨርሲቲ ገብተው በፕሮፌሰር ዊልያም ሚቸል ሥር ፍልስፍናና ሥነ ልቦና ተማሩ።

በኩዊንስላንድ

እ.ኤ.አ. በ1911 አዲስ በተከፈተው የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነው ተቀጠሩ፤ በ1919 የፍልስፍና ፕሮፌሰር ሆኑ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብሪዝበን ከአንድ ሐኪም ጋር በመሆን ጦርነቱ አእምሯቸውን የጎዳባቸውን ወታደሮች ይረዱ ነበር። ሕመምተኛውን ሳያቋርጡ ማዳመጥን የለመዱት በዚህ ሥራ ነው። በፋብሪካዎች የሚነሣውን አለመግባባትም በተመሳሳይ ዓይን ማየት ጀመሩ፤ ከሥራ ማቆም አድማ በስተጀርባ ያልተነገረ የመንፈስ ጭንቀት አለ ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እምነት ለምርምራቸው መነሻ፣ በኋላም ለተሰነዘረባቸው ትችት ምክንያት ሆነ።

የፊላደልፊያ ጥናት

ሜዮ እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ አሜሪካ ሄዱ። በሮክፌለር ገንዘብ እየተደገፉ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ፣ በፊላደልፊያ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ችግሩን ይዞ መጣ። በአንድ የክር መፍተያ ክፍል ሠራተኛ አይበረክትም ነበር፤ 40 ሠራተኛ ለማቆየት በዓመት 100 ያህል ሰው መቅጠር ያስፈልግ ነበር። ሜዮ በቀን ውስጥ የአሥር የአሥር ደቂቃ እረፍት እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ። እረፍቱ ከተጀመረ በኋላ ሥራ የሚለቀው ሰው ቀነሰ፣ ምርትም ጨመረ። መጀመሪያ ውጤቱን ከድካም መቀነስ ጋር አያይዘውት ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ግን ሠራተኞቹ መደመጣቸውና ተራቸውን በጋራ ማውጣታቸው እርስ በርስ እንዳስተሳሰራቸው ጻፉ።

የሆውቶርን ጥናት

እ.ኤ.አ. በ1926 ወደ ሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። በቺካጎ አጠገብ የሚገኘው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሆውቶርን ፋብሪካ ከ1924 ጀምሮ የመብራት ብርሃን በሥራ ላይ ያለውን ተጽዕኖ ሲሞክር ነበር፤ ምርቱ ግን ብርሃኑን ተከትሎ አልወጣም አልወረደም። በ1927 አምስት ሴት ገጣጣሚዎችና አንዲት ዕቃ አቀባይ በተለየ ክፍል ሆነው ለስልክ የሚያገለግል ሪሌይ የተባለ ዕቃ እንዲገጣጥሙ ተደረገ። እረፍት ተሰጣቸው፣ የሥራ ሰዓት አጠረላቸው፣ ክፍያቸውም በትንሿ ቡድን ውጤት ልክ ሆነ። ምርታቸው እየጨመረ ሄደ፤ እረፍቱ ለጊዜው ሲነሣም ወደ ቀድሞው መጠን አልተመለሰም።

ሜዮ ፋብሪካውን መጎብኘት የጀመሩት በ1928 ነው። ሙከራውን የጀመሩት የኩባንያው ሰዎች ሲሆኑ፣ የሜዮ ዋና ድርሻ ውጤቱን መተርጎም ነበር። ሴቶቹ የተባበረ ቡድን በመሆናቸውና አሳባቸው በመጠየቁ ምርቱ አደገ አሉ። በዚሁ ጊዜ ከ21,000 በላይ ሠራተኞች በቃለ መጠይቅ ተነጋገሩ። ጠያቂው እንዳይከራከርና እንዳይመክር፣ ሰውየው የፈለገውን እንዲናገር እንዲተው ታዘዘ።

ከ1931 እስከ 1932 ደግሞ 14 ወንዶች በአንድ ክፍል ሲሠሩ በቅርብ ታዩ። እነዚህ ሠራተኞች ለቀኑ የሚበቃውን ሥራ ራሳቸው ወስነው ነበር። ከዚያ በላይ የሠራ ይቀለድበት፣ አንዳንዴም ክንዱን በቡጢ ይመታ ነበር። የሥራ ወዳጅነት ምርትን እንደሚያሳድግ ሁሉ ሊገድብም እንደሚችል ከዚህ ታየ።

ሜዮ ሐሳባቸውን በ1933 እና በ1945 ባሳተሟቸው፣ በኢንዱስትሪ ሥልጣኔ ውስጥ ስላለው የሰው ልጅና የማኅበራዊ ኑሮ ችግር በሚናገሩ ሁለት መጻሕፍት አብራሩ። የጥናቱን ዝርዝር የጻፉት ግን የሃርቫርዱ ፍሪትዝ ሮትሊስበርገርና የኩባንያው ዊልያም ዲክሰን ናቸው፤ መጽሐፋቸው በ1939 ታተመ።

ትችት

ከጥር 1928 ጀምሮ ከአምስቱ ገጣጣሚዎች ሁለቱ ብዙ ያወራሉ፣ አይተባበሩም ተብለው በሌሎች ተተክተዋል። አውስትራሊያዊው አሌክስ ኬሪ በ1967 ባወጣው ጽሑፍ ይህን አንሥቶ፣ ምርቱን ያሳደጉት ወዳጅነትና መደመጥ ሳይሆኑ የሠራተኞቹ መለወጥና የክፍያው አሠራር ናቸው ሲል ተከራከረ። ሌሎች ተቺዎች ደግሞ ሜዮ ለሠራተኛ ማኅበራት ቦታ አልሰጡም ይላሉ። የደመወዝና የሥልጣን ጥያቄ የስሜት ችግር ተደርጎ ከታየ፣ አሠሪው ሠራተኛውን አዳምጦ ምንም ሳይለውጥ ሊያሰናብተው ይችላል የሚል ነው ክርክራቸው።

ሰዎች እየተጠኑ መሆናቸውን ሲያውቁ ሥራቸውን ይለውጣሉ የሚለው የሆውቶርን ውጤት የተባለ ሐሳብ ስሙን ያገኘው ሜዮ ከሞቱ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን መዛግብት እንደገና የመረመሩ ተመራማሪዎች ለዚህም ጠንካራ ማስረጃ አላገኙም።

የመጨረሻ ዓመታት

ሜዮ እ.ኤ.አ. በ1947 ከሃርቫርድ ጡረታ ወጥተው ወደ እንግሊዝ ሄዱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በሰሪ አውራጃ በጊልድፎርድ አረፉ። በ1913 ካገቧቸው ከባለቤታቸው ከዶሮቲያ ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደዋል። የሆውቶርን መልሳቸው ቢያጠራጥርም፣ ሠራተኛ በሥራው ቦታ ከማን ጋር እንዴት እንደሚኖር መጠየቅ ከሳቸው ወዲህ የድርጅት ጥናት መደበኛ ክፍል ሆኗል።