የሽመላን መንገድ የጠበቁት መምህር

በጎንደር ገጠር ያደግን ሁሉ ሽመላን እናውቀዋለን። ልጆች ሳለን ከራሳችን በላይ ሲያልፍ ቀና ብለን፣ ስለ ኢየሩሳሌም በዜማ እንጠይቀው ነበር። ዛሬ እኛ እዚህ ነን፤ ሽመላውም በየዓመቱ በዚህችው አገር ሰማይ ይመላለሳል። ማረፊያ እንዳያጣ ስለተከራከሩ አንድ መምህር ላጫውታችሁ።

ፕሮፌሰር ሃይንሪሽ ሜንደልሶን በ1910 በበርሊን ተወለዱ። ስለ እንስሳትና ስለ ሕክምና ይማሩ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ወደዚህ አገር መጡና ትምህርታቸውን በኢየሩሳሌም ቀጠሉ። ኋላም በቴል አቪቭ የተፈጥሮ ሳይንስ መምህራን የሚሠለጥኑበትን ተቋም መሩ። ከቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ መሠረቶች አንዱ ይኸው ተቋም ነው።

በ1950ዎቹ የሁላ ሐይቅና ረግረግ ለእርሻ ተብሎ ይደርቅ ጀመር። ስደተኛው በዝቶ እህል ያጠረበት ጊዜ ስለነበር ብዙ ሰው ሥራውን ደገፈ። ለውሃ ወፎች ግን ቤታቸው መፍረሱ ነበር። ሜንደልሶንና ጓደኞቻቸው ማድረቁን ማስቆም አልቻሉም። ሆኖም ከረግረጉ ጥቂቱ ተረፈ፤ በ1964 የአገሪቱ የመጀመሪያው የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። በ1953 የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበርን ከመሠረቱትም አንዱ እሳቸው ናቸው።

ሁለተኛው ትግላቸው ከመርዝ ጋር ነበር። በዚያው ዘመን አይጥ ለማጥፋት ታሊየም የሚባል መርዝ የተቀባ ስንዴ በማሳ ላይ ይበተን ነበር። አይጧ ስንዴውን ትበላለች፤ ጭልፊቱ አይጧን ይበላል፤ እሱም ይሞታል። ገበሬው ያለ ክፍያ አይጥ የሚያድንለትን ወፍ በገዛ እጁ ገደለ ማለት ነው። ሜንደልሶን ጉዳቱን መዝግበው፣ አጥንተው፣ በግልጽ ተናገሩ። በ1973 የእስራኤል ሽልማትን ተቀበሉ፤ በ2002 አረፉ።

በዚህች ጠባብ አገር ላይ በየመጸውና በየጸደዩ ወደ 500 ሚሊዮን ወፎች እንደሚያልፉ ይገመታል። ሽመላ ክንፉን ሳያራግብ በሞቃት አየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ሰፊ ባሕር ማቋረጥ ይከብደዋል፤ ስለዚህ በየብስ ዞሮ ያልፋል። ዛሬ እግሩ ላይ ቀለበት፣ ጀርባው ላይ የሳተላይት መሣሪያ ታስሮለት ጉዞው ይታወቃል። ነገር ግን መንገዱን ማወቅ ብቻውን አያድነውም፤ የሚያርፍበት ውሃና መርዝ የሌለበት ማሳ ያስፈልገዋል። መምህሩ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ይህንን ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ሽመላ ሲያልፍ ካያችሁ ልጆቻችሁን ጥሩና አሳዩአቸው። እኛ በልጅነታችን ምን እንጠይቀው እንደነበርም ንገሯቸው። ሰላም ሁኑ።