ክሪስቴን ኒጎር

ተማሪዎች፣ በሚዛን ተፈሪ አቅራቢያ በበበቃ ወይም በቴፒ ቡና ሲደርስ የሚሆነውን አስቡ። ቀይ ፍሬ የጫኑ መኪናዎች በመፈልፈያው በር ይሰለፋሉ፤ አንዱ ሲዘገይ ከኋላው ያለው ሁሉ ይዘገያል። እንዲህ ያለውን የሥራ ሂደት በኮምፒዩተር አስመስሎ ለመመርመር መንገድ ካቀኑት ሊቃውንት አንዱ ኖርዌያዊው ክሪስቴን ኒጎር ነው።

ኒጎር እ.ኤ.አ. በ1926 በኦስሎ ከተማ ተወለደ። በ1956 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የማስተርስ ዲግሪ አገኘ። በ1960 ወደ ኖርዌይ የኮምፒዩተር ማእከል ተዛወረ። ከዚያም ከኡሌ ዮሃን ዳል ጋር ሆኖ ሲሙላ የተባለውን ቋንቋ ፈጠረ። ሲሙላ 67 በተሰኘው ቋንቋቸው ሁለቱ ሊቃውንት ክላስን፣ ማለትም መደብን፣ አስተዋወቁ። መደብ አንድ ዓይነት ነገሮች የሚጋሩትን ጠባይና ተግባር የሚደነግግ ንድፍ ነው። በምሳሌያችን መኪናው አንድ መደብ፣ መፈልፈያው ሌላ መደብ ይሆናል።

ዛሬ የድረ ገጽ ፕሮግራም ስትጽፉ ይህንኑ ሐሳብ ታገኙታላችሁ። ፒኤችፒ የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው አምስተኛ እትሙ ኢንተርፌስን ጨመረ። ኢንተርፌስ እንደ ውል ነው፤ ውሉን የገባ መደብ የተዘረዘሩትን ተግባራት በሙሉ ማሟላት አለበት። አንዱን ቢያጎድል ፕሮግራሙ ይቆምና የመደቡን ስምና የጎደለውን ተግባር ይገልጻል። ስለዚህ ስሕተት ሲያጋጥማችሁ ሁሉን አፍርሳችሁ አትጀምሩ። በመጀመሪያ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ቀጥሎ ውሉንና መደቡን ጎን ለጎን አስተያዩ፤ የተግባሩ ስም፣ የሚቀበላቸውም ነገሮች ብዛትና ዓይነት መስማማታቸውን መርምሩ። መደቡ አልተገኘም ከተባለ ግን የስሙን አጻጻፍና ፋይሉ መጠራቱን አረጋግጡ።

ኒጎር በቋንቋ ፈጠራ ብቻ አልተወሰነም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከኖርዌይ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሆኖ፣ ኮምፒዩተር ወደ ሥራ ቦታቸው ሲገባ ሠራተኞቹ ራሳቸው እንዲያውቁትና በአገባቡ ላይ ድምፅ እንዲኖራቸው ደከመ። እርሱና ዳል የ2001ን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበሉ፤ ሁለቱም በ2002 ዐረፉ።

ከእናንተ መካከል ወደ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይህን ሙያ የሚማር ይኖር ይሆናል። የሚጽፈው ፕሮግራም የገበሬውን ቡና የሚመዘግብ ከሆነ፣ አንዲት የጎደለች ተግባር የአንድ ቤተሰብን የዓመት ድካም ሳይመዘገብ ልታስቀር እንደምትችል አይዘንጋ።