ዶክተር አክሊሉ ለማ እና የእንዶድ ጉዳይ

በጤና ጥበቃ ስለ መንግሥትና የግል ዘርፍ አጋርነት ስንማር ምሳሌዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ኩባንያው መድኃኒቱን ይሰጣል፣ ዓለም አቀፍ ድርጅት ያስተባብራል፣ መንግሥት ያከፋፍላል። ይህ ጥሩ ነው። እኔ ግን አጋር ያጣ የአገራችንን ሰው ታሪክ መርጫለሁ፤ የዶክተር አክሊሉ ለማን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያደግሁት አቃቂ ቃሊቲ ነው። ወንዝ ዳር ልብስ ሲታጠብ ማየት ለሰፈራችን ልጅ ብርቅ አይደለም፤ የሚታጠበው ግን በሳሙና ነው። ዶክተር አክሊሉ በ1964 አድዋ ላይ ያገኟቸው ሴቶች የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ውሃው ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። የቢልሃርዚያ ትል ደግሞ ቀንድ አውጣ ውስጥ ካላደገ ሰው አይዝም፤ አድጎ ወደ ውሃ ይወጣና በቆዳ በኩል ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሞተ መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነው። ያንን ውሃ ስንቱ አይቶት አልፏል! እሳቸው ግን ቆም አሉ።

በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ በእንዶድ በተደረገው ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ፍሬውን አድርቆ፣ ፈጭቶ ውሃ ውስጥ መጨመር ነው፤ ገበሬው በጓሮው ሊያበቅለው ይችላል።

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የእንዶድ ደህንነት ባደጉት አገሮች ላቦራቶሪ ደረጃ ካልተመረመረ አልቀበልም አለ። ጥያቄው ከንቱ ነበር አልልም፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ግን የምርመራውን ወጪ ማን ይክፈል? ኩባንያ የሚከፍለው የራሱ የሚያደርገው ምርት ሲኖር ነው። ማንም ገበሬ የሚያበቅለው ቁጥቋጦ ምን ያተርፈዋል? ያኔ በሰፊው የሚመከረው ቀንድ አውጣ ገዳይ የባየር ኩባንያ ኬሚካል ነበር፤ ድሃ አገር በውጭ ምንዛሪ ይገዛዋል። የእንዶድ ምርመራ የተደረገው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በካናዳ መንግሥት የምርምር ድርጅት ገንዘብ ነው። እስከዚያ ፕራዚኳንቴል የተባለው ኪኒን ወጥቶ የዓለም ትኩረት ከቀንድ አውጣው ወደ ኪኒኑ ዞሯል። እንደ እኔ አስተያየት የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ኪኒን የዋጠ ልጅ ነገም እዚያው ውሃ ውስጥ ይገባል።

በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ‹‹ራይት ላይቭሊሁድ›› የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ። ቀጥሎ የሆነው ይገርማል። አሜሪካ ውስጥ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲን ሲጎበኙ፣ የሐይቆቹን የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ፍጥረት እንዶድ ይገድለው ይሆናል አሉ። ተሞከረ፣ ገደለውም። የፈጠራ ባለቤትነቱን ግን ያስመዘገበው ቶሌዶ ነው። ለአድዋ ሕፃናት ለዓመታት ማስረጃ የተጠየቀበት ተክል ለአሜሪካ ቧንቧ ሲሆን ባለቤት ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ። መርክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ፕራዚኳንቴልን በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነጻ መስጠት የጀመረው በ2007፣ እሳቸው ካረፉ ከ10 ዓመት በኋላ ነው።