ስምና ሥራ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደረስጌ እስከ ጋፋት

በ1811 ዓ.ም. በቋራ የተወለደው ካሣ ኃይሉ፣ ሃምሳ ባልሞላ ዕድሜው አምስት መጠሪያ ነበረው። ቤተሰቡ ካሣ አለው፤ ወዳጆቹ መይሳው አሉት፤ ፈረሱ አባ ታጠቅ አሰኘው፤ ዘውዱ ቴዎድሮስ አሰኘው፤ ጠላቶቹ ደግሞ የኮሶ ሻጭ ልጅ ብለው ሰደቡት። የመጽሔታችን አዘጋጆች ባለሙያ የራሱን ስም እንዴት ሊያንጽ እንደሚገባው እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ከዚህ ሰው የተሻለ ምሳሌ አልታየኝም። ምክንያቱም ስሙን ያነጸው በቃል ብቻ ሳይሆን በመንገድ፣ በመዶሻና በማቅለጫ ምድጃም ጭምር ነው።

ከአምስቱ ስሞች የመጀመሪያውን ጕልበት የሰጠው ስድቡ ይመስለኛል። በዘመነ መሳፍንት የሰው ስም የሚመዘነው በዘሩ ነበር። በደብረ ታቦር የየጁ ቤት፣ በስሜን የደጃዝማች ውቤ ቤት፣ በጎጃም የደጃዝማች ጎሹ ቤት እያንዳንዳቸው የትውልድ ሐረጋቸውን ይቈጥሩ ነበር። ካሣ አባቱ ሞተው፣ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በችግር ያሳደጉት፣ የተማረበት ገዳም በጦርነት የተመዘበረበት ልጅ ነበር። የሚመካበት ሀብት ስላልነበረው በቋራ በረሓ ሸፈተ፤ ከዘረፈውም ለባላገሩ ማካፈሉ ዝናውን አስፋፋለት። መኳንንቱ በናቁት መጠን ተራው ሰው የራሱ ወገን አደረገው።

በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ በተባለው ስፍራ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። ጀግንነት በብዛት ነበረ፤ ነገር ግን በሥርዓት የሠለጠነ ወታደርና መድፍ የካሣን ጦር አሸነፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መድፍ ከአእምሮው አልወጣም። ብዙ መስፍን ተሸንፎ ቂም ይዞ ተመልሷል፤ ካሣ ግን ይዞ የተመለሰው የቴክኒክ ጥያቄ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሚቀጥሉት ዓመታት ታሪክ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን ድል አደረገ፤ በዚያው ዓመት የራስ ዓሊን ከተማ ደብረ ታቦርን አቃጠለ፤ በአይሻልም ራስ ዓሊን አሸነፈ። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ተራው የደጃዝማች ውቤ ሆነ። ውቤ በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፣ ዘውድ እዚያ ሊደፉ ተዘጋጅተው ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ የተቀባው ግን ካሣ ሆነ።

የነገሠበት ስም የተመረጠው በብርቱ ማስተዋል ነው። በፍካሬ ኢየሱስ፣ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ 40 ዓመት በሰላምና በፍትሕ እንደሚገዛ ተነግሮ ነበር። ሕዝቡ ስሙን ከነትርጕሙ አስቀድሞ ያውቀው ስለነበር ዐዋጅ ነጋሪ ማስረዳት አላስፈለገውም። ሆኖም ይህ ስም በብድር የተወሰደ ሀብት ነበር፤ አበዳሪው ሕዝብ፣ ዕዳውም የ40 ዓመት ሰላም። ንጉሠ ነገሥቱ የገዙት 13 ዓመት ነው፤ አብዛኛውንም ያሳለፉት በዘመቻ ነው።

በሌላ በኩል ግን የራሳቸው የሆነ፣ ከማንም ያልተዋሱት ጠባይ ነበራቸው። ጠጕራቸው ሹሩባ፣ ልብሳቸው ከወታደሩ ብዙም ያልተለየ ነበር። ደብዳቤያቸውን በአማርኛ አስጻፉ፤ እንደ ቀድሞዎቹ ነገሥታት በግዕዝ ሳይሆን ዜና መዋዕላቸውም በአማርኛ ተጻፈ። ይህ ሁሉ ለታይታ የተደረገ አይመስለኝም፤ ለታይታ ቢሆን ኖሮ ማንም በማያይበት ጊዜ በተተወ ነበር።

አሁን ወደ ሙያችን ልመለስ። አቃጥለዋት የነበረችውን ደብረ ታቦርን መቀመጫ ካደረጓት በኋላ፣ በአቅራቢያዋ በምትገኘው ጋፋት የሥራ መንደር አቋቋሙ። እዚያ የተሰበሰቡት አውሮፓውያን አብዛኞቹ በባዜል አጠገብ ካለው የክሪሾና ተቋም የመጡ የእጅ ሙያ ያላቸው ሚስዮናውያን ነበሩ። ቫልድማየርና ዛልሙለር ከእነርሱ መካከል ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ሊያስተምሩ መጥተው መድፍ እንዲያቀልጡ ታዘዙ። አናውቅም ቢሉም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም፤ ሞክረው ከሸፈባቸው፤ እንደገና ሞከሩ፤ በመጨረሻም ተሳካላቸው። ከጎናቸው የሠሩት ኢትዮጵያውያን አንጥረኞችና ሠራተኞች ስማቸው ባይመዘገብም፣ ያለ እነርሱ ምድጃው አንድ ቀን እንኳ ባልነደደ ነበር።

የሥራው ዘውድ ሴባስቶፖል ነው። በክራይሚያ ጦርነት ስሟ በዓለም በተጠራው ምሽግ ስም ተሰየመ። እዚህ ላይ አንድ የመሐንዲስ ማስታወሻ ልጨምር። በየመጽሐፉና በየንግግሩ መድፉ 70 ቶን ይመዝናል ሲባል እንሰማለን። የነሐስ ክብደት በሜትር ኩብ 8.8 ቶን ያህል ስለሆነ፣ 70 ቶን ማለት 8 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ድፍን ነሐስ ነው፤ ይህም አንዲት አነስተኛ ክፍል ግማሽ ያህሏን ይሞላል። መድፉን ያየ ሰው ይህ እንደማይሆን ይረዳል። እውነተኛው ክብደት ወደ 7 ቶን ይጠጋል። ያንን ከምንም ተነሥቶ ማቅለጥ ሳያንስ ዜሮ መጨመራችን ለሠሪዎቹ ክብር አይጨምርም፤ እንዲያውም የሠሩትን ያሳንስባቸዋል።

ለእኔ ከመድፉ ይልቅ የሚደንቀኝ መንገዱ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለሁለተኛ ጊዜ አቃጥለው፣ መድፎቹን በሠረገላ አስጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። ለ7 ቶን ጭነት የሚሆን መንገድ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች ቍልቍለትና ዳገት ላይ መቈረጥ ነበረበት፤ ሸለቆዎቹ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይወርዳሉ። በመቶ የሚቈጠር ሰው ገመድ ይጎትታል፤ በቍልቍለቱም ጭነቱ እንዳያመልጥ ወደ ኋላ ይይዛል። አብረዋቸው የነበሩ የውጭ ሰዎች እንደመሰከሩት፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ያ ዓይነቱ ነገር በወታደሩ ዘንድ ከማንኛውም የማዕረግ ስም የበለጠ ይሠራል።

ዳሩ ግን በዚያ ጊዜ ስሙ ውስጡ ተበልቶ ነበር። በ1859 ዓ.ም. ጐንደር ተዘርፋ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ። የሰላም ንጉሥ ይመጣል ብሎ የጠበቀ ካህንና ገበሬ ያየው እሳት ነው። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ማጣቱ ቢያስቈጣቸውም፣ አገራቸውን ያሳጣቸው የእንግሊዝ ዝምታ አይደለም። የቤጌምድር ገበሬ ጥሏቸው ሄዷል፤ ጦራቸውም ተመናምኗል። ደጋፊዎቻቸው የውጭውን ጠላት ብቻ ሲያወሱ ይህን ማለፋቸው ትክክል አይመስለኝም።

የናፒየር ጦር ከሰሜን ሲመጣ፣ ንጉሡ ለመድፋቸው ያስቈረጡትን መንገድ አግኝቶ ተጠቀመበት። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ውጊያው ሲጀመር ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ሲተኮስ ፈነዳ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ ስትያዝ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ይልቅ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ከሹሩባቸው የተቈረጠውን ጠጕር ወታደሮቹ ይዘውት ሄዱ፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋፋት ተብሎ ይጠራል፤ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የመድፉ አምሳል ቆሟል። ዋናው ሴባስቶፖል ግን እንግሊዞች ሊወስዱት ስላልቻሉ፣ አፉን ወደ ሰማይ አቅንቶ እስካሁን መቅደላ አምባ ላይ ይገኛል።