ከሚባክን ጭስ ጉልበት የቀዳው መሐንዲስ፤ አልፍሬድ ቡኺ

ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠራ ዳትሰን 240 ዜድ ኮፈኑ ተከፍቶ የቀድሞ ሞተሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲወጣ፣ በቦታውም ከቶዮታ ሱፕራ የተነቀለ ባለ ሁለት ቱርቦ ሞተር ሲገባ ያየ ሰው አንድ ነገር ልብ ማለቱ አይቀርም። ሁለቱም ሞተሮች ስድስት ሲሊንደር ያላቸው፣ ሲሊንደሮቻቸውም በአንድ መስመር የተደረደሩ ናቸው። የአሮጌው ይዘት 2.4 ሊትር፣ የአዲሱ 3 ሊትር ነው። በይዘት የሚበላለጡት ይህን ያህል ብቻ ሲሆን፣ ጉልበቱ ግን ከ150 ገደማ ወደ 280 የፈረስ ጉልበት ይዘላል። ትርፉ በአብዛኛው የሚመጣው ከጭስ ማውጫው ጎን ከታሰሩት ሁለት ቀንድ አውጣ መሰል ዕቃዎች ነው። የዚህን ዕቃ ሐሳብ ያፈለቀው ሰው የስፖርት መኪና ሠሪ አልነበረም፤ ዕድሜውን የፈጀው በመርከብና በባቡር ግዙፍ የናፍጣ ሞተሮች መካከል ነው።

አልፍሬድ ቡኺ በስዊዘርላንድ ቪንተርቱር ከተማ ሐምሌ 11 ቀን 1879 ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቪንተርቱር የፋብሪካ ከተማ ነበረች። አባቱ በዚያው ከተማ በሚገኘው በታላቁ የሱልዘር ኩባንያ ከፍተኛ ኃላፊ ስለነበር፣ ልጁ ስለ እንፋሎትና ስለ ሞተር የሚወራበት ቤት ውስጥ አደገ። በ1899 ዙሪክ ወደሚገኘው የፌዴራል ፖሊቴክኒክ ገብቶ የሜካኒካል ምህንድስና ተማረ፤ በ1903 ተመረቀ። ከዚያም በቤልጅግና በእንግሊዝ አገር ተቀጥሮ ሠራ።

ወጣቱን መሐንዲስ እንቅልፍ የነሳው ጉዳይ ብክነት ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ሙቀት ውስጥ ወደ ሥራ የሚለወጠው ሲሶው ያህል ነው። ሁለቱ እጅ ከጭሱ ጋር ወደ አየር ይበተናል፣ ወይም በማቀዝቀዣው ውኃ ይወሰዳል። ሌሎች መሐንዲሶች የበለጠ ጉልበት ሲሹ ሲሊንደሩን ያሰፉ ነበር፤ ሞተሩም እየገዘፈ፣ እየከበደና ዋጋው እየናረ ይሄዳል። ቡኺ ግን ዓይኑን በሚወጣው ጭስ ላይ ጣለ። የጋለው ጭስ በግፊት ሲወጣ የተርባይን መዘውር ቢያሽከረክር፣ መዘውሩም በአንድ ዘንግ የተያያዘውን ኮምፕሬሰር ቢያዞር፣ ኮምፕሬሰሩ ደግሞ ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሩ ቢልክ፣ በዚያው ስፋት ውስጥ ብዙ አየር ይገባል፤ ብዙ አየር ካለ ብዙ ነዳጅ በደንብ ይቃጠላል። በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ኅዳር ወር 1905 በ16ኛው ቀን በጀርመን የባለቤትነት መብት አስመዘገበ፤ የመብቱ ቁጥር 204630 ነው። ያኔ ዕድሜው ሃያ ስድስት ዓመት ነበር።

ወረቀቱ በእጁ ነበር፤ ዕቃውን ለመሥራት ግን ዘመኑ አልደረሰም። ተርባይኑ በከባድ ሙቀት ውስጥ እየነደደ በብርቱ ፍጥነት መሽከርከር ነበረበት፤ በጊዜው የነበሩት ብረቶች ደግሞ ይህን ለረጅም ጊዜ የሚችሉ አልነበሩም። የኮምፕሬሰር አሠራርም ገና ጥሬ ነበር። ቡኺ ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ በሱልዘር በናፍጣ ሞተር ምርምር ላይ ተሰማራ። በ1915 የሞከረው ሞተር የታሰበውን የአየር ግፊት ጠብቆ መዝለቅ አልቻለም። ሐሳቡ ከተመዘገበ አሥር ዓመት አልፎት ነበር፤ በእጁም የሚያሳየው ውጤት አልነበረም። ይህ ጸሐፊ ከቡኺ ሕይወት ሁሉ የሚያደንቀው ቀጥሎ ያሉትን ዓመታት ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሐሳቡን ትቶ ደመወዙን እየበላ በተቀመጠ ነበር።

በእነዚሁ ዓመታት ጦርነቱ ሌሎችን ወደ ተመሳሳይ መንገድ ገፋቸው። አውሮፕላን ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም ይደክማል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከጅዳ ተነሥቶ በአል-ሐዳ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ጣኢፍ የወጣ፣ ወይም አገር ቤት ሳለ ከአዋሽ ሜዳ ወደ አዲስ አበባ የነዳ ሰው መኪናው ሽቅብ ሲወጣ እንደሚሰንፍ ያውቃል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። በፈረንሳይ ኦጉስት ራቶ የጭስ ተርባይንን በአውሮፕላን ሞተር ላይ ሞከረ። በአሜሪካ ሳንፎርድ ሞስ በ1918 አንድ የሊበርቲ ሞተር በኮሎራዶ ወደሚገኘው የፓይክስ ፒክ ተራራ አውጥቶ፣ በ4,300 ሜትር ከፍታ ላይ ሞተሩ የባሕር ጠረፍ ጉልበቱን መልሶ እንዲያገኝ አደረገ። የቡኺ ሐሳብ ትክክል እንደነበር ሌሎች በራሳቸው መንገድ አረጋገጡ ማለት ነው።

ለእርሱ የተሳካለት በባሕር ላይ ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ምሥራቅ ፕሩሲያ ከቀሪው ጀርመን በየብስ ተቆርጣ ስለነበር፣ የጀርመን መንግሥት በባልቲክ ባሕር መንገደኛ የሚያመላልሱ ሁለት መርከቦች አሠራ፤ ፕሮይሰንና ሃንዜሽታት ዳንዚግ ይባላሉ። አሥር ሲሊንደር ያላቸው የኤም.ኤ.ኤን ናፍጣ ሞተሮቻቸው በቡኺ ምክር ቱርቦ ተገጠመላቸው። መርከቦቹ በ1926 ለአገልግሎት ሲበቁ የአንዱ ሞተር ጉልበት ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ከፍ ብሎ ነበር። ሲሊንደሩ አልሰፋም፤ ጭማሪው ግን ከአርባ በመቶ በላይ ሆነ። ከመብቱ ምዝገባ እስከዚህ ቀን ሃያ ዓመት ግድም አልፏል።

በዚያው ሰሞን፣ በ1925፣ ቡኺ ሁለተኛውንና ምናልባትም ረቂቁን ግኝት አስመዘገበ። ጭስ ከሲሊንደር የሚወጣው ወጥ ሆኖ ሳይሆን እንደ ልብ ምት እየተገፋ ነው። ቧንቧው ሰፊ ከሆነ ምቱ ተበትኖ ይጠፋል፤ የሁሉም ሲሊንደር ጭስ በአንድ ቧንቧ ከተሰበሰበም አንዱ ምት ሌላውን ያውካል። ስለዚህ ቧንቧዎቹን አጠበባቸው፤ ሲሊንደሮቹንም በቡድን ከፍሎ እያንዳንዱ ቡድን ወደ ተርባይኑ የየራሱ መንገድ እንዲኖረው አደረገ። በተጨማሪም የመግቢያና የመውጫ ቫልቮች ለአንድ አፍታ አብረው ክፍት እንዲሆኑ በማድረግ፣ ንጹሑ አየር የቀረውን ጭስ ጠርጎ እንዲያስወጣው አደረገ። ዛሬ ቱርቦ የሚገጥም መካኒክ የትኛው ሲሊንደር ከየትኛው ጋር በአንድ ቧንቧ ይጣመር ብሎ ሲጨነቅ፣ የቡኺን ጥያቄ እየጠየቀ ነው።

በ1926 ብራውን ቦቬሪ ከተባለው ኩባንያና በቪንተርቱር ከሚገኘው የስዊስ የባቡርና የማሽን ፋብሪካ ጋር የቡኺ ማኅበር የተባለ ጥምረት ተመሠረተ። የመጀመሪያው ቱርቦውን፣ ሁለተኛው ሞተሩን ይሠራሉ፤ ቡኺ ደግሞ ምህንድስናውን ይመራል፣ ከደንበኞችም ጋር ይነጋገራል። አሠራሩ በመርከብ፣ በባቡርና በኃይል ማመንጫ ሞተሮች ተስፋፋ። በ1938 የስዊስ ኩባንያ ዛውረር ለጭነት መኪና ቱርቦ ያለው ሞተር አቀረበ።

ቡኺ በቪንተርቱር ጥቅምት 27 ቀን 1959 በሰማንያ ዓመቱ አረፈ። ቱርቦ የተገጠመላቸው የመጀመሪያዎቹ የቤት መኪናዎች ለሽያጭ የቀረቡት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ በአሜሪካ ነው፤ ሸቭሮሌ ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደርና ኦልድስሞቢል ጄትፋየር። የጄትፋየር ታሪክ ያሳዝናልም ያስቃልም። ነዳጁ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ ሞተሩ ከትንሽ ጋን ውኃና ሜታኖል ይጨመርለት ነበር፤ ባለቤቶቹ ግን ጋኑን መሙላት ይዘነጉ ነበር። በመጨረሻ ቱርቦው ከብዙዎቹ ላይ ተነቅሎ ተራ ካርቡሬተር ተተካበት። በአውሮፓ የስፖርት መኪናዎች ዘንድ ቱርቦ ስም ያገኘው በቢ.ኤም.ደብሊው 2002 ቱርቦና በፖርሽ 911 ቱርቦ፣ በ1970ዎቹ ዓመታት ነው።

በዳትሰኑ ላይ የተሰማራው መካኒክ አሮጌውን ሞተር አቆይቶ ቱርቦ ብቻ ያልጨመረበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ያለ ቱርቦ እንዲሠራ የታሰበ ሞተር አየሩን በራሱ አጥብቆ ያምቃል፤ አስቀድሞ የታመቀ አየር ሲጨመርበት ነዳጁ ያለጊዜው ይፈነዳና ፒስተኑን ይሰብራል። ሙሉውን ሞተር መለወጥ ይህን ችግር ያስቀራል፤ ቀሪውን የመኪና አካል ግን አያስተካክልም። ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑና ዲፈረንሻሉ የተሠሩት ለ150 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ፍሬኑም እንዲሁ። የታመቀ አየር ስለሚግል ወደ ሲሊንደሩ ከመግባቱ በፊት የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ከመኪናው ፊት ቦታ ይፈልጋል፤ ራዲያተሩም መተለቅ አለበት። ቱርቦው በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከርበት ዘንግ ደግሞ የሚንሳፈፈው በስሱ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለቤት ብዙ ከነዳ በኋላ ሞተሩን ወዲያው አያጠፋም፤ ዘይቱ እየዞረ ዘንጉን እስኪያበርደው ድረስ ጥቂት ደቂቃ ያቆየዋል።