ማኑኤል ኑኔስ፦ የዩኩሌሌው አናጢ

ማኑኤል ኑኔስ እ.ኤ.አ. በ1843 በፖርቱጋል የማዴይራ ደሴት ተወለደ። ሙያው አናጢነት ነበር። በ1879 ነሐሴ ወር ግን ራቨንስክራግ በምትባል መርከብ ሃዋይ የገባው ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ተዋውሎ ነው። ስደት ሙያ አይጠይቅም።

ከእርሻው ሲወጣ ሆኖሉሉ ላይ ሱቅ ከፈተ፤ የአገሩን ትንንሽ ባለክር መሣሪያዎች በሃዋይ ኮዋ እንጨት ይሠራ ጀመር። አብረውት የመጡት አውጉስቶ ዲያስና ዦዜ ዶ እስፒሪቶ ሳንቶም ይህንኑ ይሠሩ ነበርና፣ ኑኔስ በመሣሪያዎቹ ላይ ራሱን ፈጣሪ እያለ መለጠፉ ትንሽ በዝቷል። ንጉሥ ካላካዋ መሣሪያዋን ወደዷት፤ በ1886 ኢዮቤልዩአቸው ላይም ተመታች።

ዩኩሌሌ የሚለው ስም ዘላይ ቁንጫ ማለት ነው ይባላል። አራት ክር አላት፤ ጀማሪን ግራ የሚያጋባው ቅኝቷ ነው። ሲይዟት ከላይ፣ ወደ አገጭ በኩል የሚውለው አራተኛው ክር ወፍራም ድምፅ ይሰጣል ሲባል ቀጭን ይወጣዋል፤ ከሦስተኛውም ከሁለተኛውም ይበልጣል። ይህ ራጃው ከተባለው የማዴይራ መሣሪያ የተወረሰ ነው። ጥቅሙም አለ፦ አራተኛውና የመጀመሪያው ክር በድምፅ ጎረቤታሞች ስለሆኑ፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት እየተቀባበሉ ሲመቷቸው ዜማው ሳይቆራረጥ እንደ ደወል ይደራረባል። ግራ እጅም ብዙ አይሯሯጥም። ሺኩን ቫቲኪም ውስጥ የልጅ ልጁን ልምምድ የሚሰማ አዛውንት፣ ክሩ የተበላሸ መስሎት እንዳያላላው።

ኑኔስ በ1922 አረፈ። ሙያውን ከእሱ የተማረው ሳሙኤል ካማካ በ1916 የጀመረው የዩኩሌሌ ፋብሪካ ሆኖሉሉ ውስጥ ዛሬም ይሠራል።