ዣን ማየርና የረኃብ ምሥጢር

አንድ ሰው በቃኝ ብሎ እጁን ከማዕድ የሚያነሣው በአካሉ ውስጥ ምን ሲደረግ ነው? ጥያቄው የሕፃን ቢመስልም፣ የፊዚዮሎጂ ሊቃውንት እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ አጥጋቢ መልስ አላገኙለትም ነበር። ይህንን ጥያቄ ከላቦራቶሪ አንሥተው እስከ መንግሥት ጉባኤ ካደረሱት ሳይንቲስቶች መካከል ትውልደ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ማየር ከፊተኞቹ ይሰለፋሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማየር በ1920 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አንድሬ ማየር በኮሌዥ ደ ፍራንስ የታወቁ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሲሆኑ፣ ኋላም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ሲመሠረት ከፍ ያለ ድርሻ ነበራቸው። እናታቸውም በዚያው ሙያ የሠለጠኑ ነበሩ። እንዲህ ካለ ቤት የወጣ ወጣት በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪ ይገባል ተብሎ ቢጠበቅም፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መንገዱን አቋረጠው። ማየር በመድፈኛነት ዘምተው በጀርመኖች ተማረኩ፤ ከምርኮም አምልጠው ከጄኔራል ደ ጎል የነጻይቱ ፈረንሳይ ጦር ጋር ተቀላቀሉ። በሰሜን አፍሪካ፣ በኢጣልያና በፈረንሳይ ምድር ተዋግተው ልዩ ልዩ የጀግንነት ሜዳዮችን ተሸልመዋል። ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ በ1948 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ከሶርቦን ሌላ ዶክትሬት ጨመሩ። በ1950 በሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ማስተማር ጀምረው በዚያ ሩብ ምእት ዓመት ያህል ቆዩ።

ማየር ሃርቫርድ በገቡበት ጊዜ የረኃብ መቀመጫ ከሆድ ወደ አንጎል መሻገሩ ገና ትኩስ ወሬ ነበር። ዋልተር ካነንና ረዳታቸው ዎሽበርን በ1912 ረኃብ ማለት የባዶ ጨጓራ መኮማተር ነው የሚል አሳብ አቅርበው፣ አሳቡ ብዙ ዘመን ገዝቶ ነበር። በ1940 ግን ሄዘሪንግተንና ራንሰን በአንጎል ሥር ሃይፖታላመስ ከተባለችው ትንሽ ክፍል መካከለኛውን ሥፍራ በኤሌክትሪክ ቢያቃጥሉት፣ አይጦቹ ከመጠን በላይ ወፈሩ። በ1951 ደግሞ ሕንዳዊው አናንድና አሜሪካዊው ብሮቤክ የዚያችኑ ክፍል ሁለት ጎኖች ቢያበላሹ፣ እንስሳቱ ምግብ በፊታቸው ተቀምጦ ሳለ መብላት ተዉ። ከዚህ የተነሣ አንዱ ሥፍራ የጥጋብ፣ ሌላው የረኃብ ማዕከል ነው ተባለ።

ማየር ከሌሎቹ የሚለዩት ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ በማንሣታቸው ነው። ማዕከል አለ ማለት ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ ማዕከሉ አካል መጉደሉን በምን ያውቃል? በ1953 ባወጡት ጽሑፍ መልእክተኛው በደም ውስጥ ያለው ስኳር፣ ማለትም ግሉኮስ ነው ሲሉ አስረዱ። አንጎል ለሥራው በእጅጉ የሚመካው በግሉኮስ ነው፤ በአካል የተከማቸው የግሉኮስ ክምችትም ከስብ ክምችት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ በቶሎ ያልቃል። ታዲያ የስኳር በሽተኛ ደሙ በግሉኮስ ተሞልቶ ሳለ ለምን ይርበዋል? የማየር መልስ ብልሃት የተሞላበት ነበር፤ ወሳኙ በደም ውስጥ ያለው መጠን ሳይሆን ሕዋሳት የሚጠቀሙበት መጠን ነው አሉ። ይህንንም ለመለካት ከባልደረቦቻቸው ጋር ከደም ቅዳና ከደም መልስ ሥሮች ናሙና እየወሰዱ የግሉኮሱን ልዩነት አነጻጸሩ፤ ልዩነቱ ሲጠብ ረኃብ እንደሚመጣ ተገነዘቡ።

ከሙከራዎቻቸው ሁሉ ለእኔ የሚደንቀኝ የወርቁ ሙከራ ነው። ወርቅ ከግሉኮስ ጋር የተጣመረበት ጎልድ ቲዮግሉኮስ የሚባል ውሁድ ለአይጥ ሲወጋ አይጧ እንደምትወፍር ሌሎች ተመራማሪዎች በ1949 አስታውቀው ነበር። ማየርና ተባባሪዎቻቸው የእነዚህን አይጦች አንጎል ቢመረምሩ የተጎዳውን የሃይፖታላመስ መካከለኛ ሥፍራ አገኙ። ግሉኮስ የሌለባቸው ሌሎች የወርቅ ውሁዶች ግን ይህን ጉዳት አላደረሱም። ሕዋሳቱ ግሉኮሱን ሲሻሙ ከእርሱ ጋር የተጣበቀውን መርዝ አብረው ዋጡት ማለት ነው።

የማየር አሳብ በመጀመሪያ መልኩ ሙሉ በሙሉ አልጸናም። የምግብ ፍላጎት በአንድ ንጥረ ነገር ብቻ የሚመራ አለመሆኑ በኋላ ተረጋግጧል፤ ስብም፣ ሆርሞንም፣ አንጀትም የየራሳቸውን መልእክት ይልካሉ። ይሁን እንጂ በ1964 ለግሉኮስ ምላሽ የሚሰጡ የአንጎል ሕዋሳት በኤሌክትሪክ ቅጂ ሲገኙ፣ ማየር በአሳብ ብቻ የተነበዩአቸው ሕዋሳት በእውን እንዳሉ ታየ።

ሌላው ታላቅ ሥራቸው ስለ እንቅስቃሴ ነው። በዚያን ዘመን ብዙ ሐኪሞች የአካል እንቅስቃሴ ረኃብን ስለሚጨምር ለወፍራም ሰው አይጠቅምም ይሉ ነበር። ማየር በ1956 ከሕንዳውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በምዕራብ ቤንጋል በአንድ የጁት ቃጫ ፋብሪካ ያሉትን ሰዎች አጠኑ። ሸክምና ከባድ ሥራ የሚሠሩት ብዙ ይበላሉ፤ ነገር ግን አይወፍሩም። ቀላል ሥራ የሚሠሩት ጥቂት ይበላሉ። ቀኑን ሙሉ በሱቃቸው ተቀምጠው የሚውሉትና አንዳንዶቹ ጸሐፊዎች ግን ቀላል ሥራ ከሚሠሩት ይልቅ ይበላሉ፤ ይወፍራሉም። የአካል ሚዛን በትክክል የሚሠራው ሰው በመጠኑ ሲንቀሳቀስ ነው የሚለውን አሳባቸውን ያጠናከሩት በዚህ ጥናት ነው።

በዚያው ዓመት በወፍራም ልጃገረዶች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ልጃገረዶቹ ከቀጫጭን እኩዮቻቸው ያነሰ እንደሚበሉ፣ የሚንቀሳቀሱትም እጅግ ጥቂት እንደ ሆነ ዘገቡ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሰው ስለ በላው ምግብ በራሱ አፍ የሚሰጠው ቃል ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው እንደሚያንስ ኋላ በተገኙ የመለኪያ ዘዴዎች ታውቋል። ከዚህ ይልቅ ማንም ያላስተባበለባቸው በ1966 ያወጡት ጽሑፍ ነው። ወፍራም ልጃገረዶች በውጤታቸው ከሌሎቹ ሳያንሱ፣ ስመ ጥር ኮሌጆች የሚቀበሏቸው ባነሰ ቁጥር እንደ ሆነ በአኃዝ አሳዩ። ውፍረትን የሆዳምነት ቅጣት አድርጎ መቁጠር በሐኪሙም ዘንድ የተለመደ በነበረበት ጊዜ፣ ነገሩን የበደል ጉዳይ አድርገው ማንሣታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

ስለ ጥጋብ ያጠኑት እኚህ ሰው በ1960ዎቹ መጨረሻ ፊታቸውን ወደሚራቡት መለሱ። በቪየትናም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ሰብል የሚያደርቅ መድኃኒት ሲረጭ፣ በጠኔ መጀመሪያ የሚሞቱት ሕፃናትና ሽማግሌዎች እንጂ ወታደሮች አይደሉም ሲሉ ተቃወሙ። በ1969 መጀመሪያ ላይ ከሴናተር ጉዴል ጋር ወደ ቢያፍራ ተጉዘው የረኃቡን ሁኔታ ተመለከቱ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ፕሬዚዳንት ኒክሰን የጠሩትን የምግብና የጤና ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መሩ፤ ለድሆች የሚታደለው የምግብ መግዣ ኩፖንና በትምህርት ቤት የሚሰጠው ምሳ ከዚያ በኋላ በሰፊው ተስፋፋ።

ከ1976 ጀምሮ የታፍትስ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነው ለ16 ዓመታት አገለገሉ፤ የእንስሳት ሕክምናና የሥነ ምግብ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት በእርሳቸው ዘመን ነው። በጥር 1 ቀን 1993 በፍሎሪዳ በልብ ሕመም አረፉ።

ማየር በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሃርቫርድ ሳሉ፣ ባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ ከተገኘ የአይጥ ዘር ላይ ይመራመሩ ነበር፤ እነዚህ አይጦች በውርስ እየወፈሩ ያለ ማቋረጥ የሚበሉ ናቸው። ካረፉ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1994 መጨረሻ፣ በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእነዚያው አይጦች የጎደለውን ዘረ መል ለዩት። ዘረ መሉ የሚያዘው ከስብ ሕዋሳት ወጥቶ ወደ ሃይፖታላመስ የሚጓዝ ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ሆኖ ተገኘ። በ1995 ሆርሞኑን ለእነዚያ አይጦች ቢወጉላቸው፣ አይጦቹ መብላታቸውን ቀንሰው ከሱ።